ወገቤ፣ ሞተሬና የላሞቹ ሰዓት

ላም ኮርማ ስትፈልግ ቀጠሮ አትይዝም። ፍላጎቷ ጠዋት ከታየ ከሰዓት በኋላ ትዳቀላለች። ማታ ከታየ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት። ያ ሰዓት ካመለጠ የሚቀጥለው ዕድል ከ21 ቀን ገደማ በኋላ ነው የሚመጣው። ለገበሬው ይህ የሦስት ሳምንት ትርፍ መኖ ነው፤ ጥጃውም ወተቱም በዚያው ልክ ይዘገያል። ስለዚህ ስልኬ ሲጮህ ወገቤ እንዴት እንዳደረ የሚጠይቅ የለም። ሞተሩ ይነሳል።

እኔ በሀዋሳና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ላሞችን በሰው ሰራሽ ዘዴ የማዳቅል ባለሙያ ነኝ። የኮርማው ዘር የሚቀመጠው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ይደርሳል። ያንን ዕቃ ሞተር ላይ አስሬ አንዴ ወደ ጥቁር ውሃ፣ አንዴ ወደ ቱላ፣ አንዴ ወደ ዶሬ ባፋኖ እላለሁ። ስደርስ ረጅም ጓንት አጥልቄ ክንዴን ላሟ ውስጥ አስገባለሁ። እሷ ትገፋለች፣ ትወዛወዛለች። እኔም ጎንበስ እንዳልኩ አብሬያት እዞራለሁ። ስጨርስ ታጥቤ ተመልሼ ኮርቻው ላይ። የታችኛው ወገቤ ማመም ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሞች ከ3 ወር በላይ የቆየውን የወገብ ህመም ስር የሰደደ ይሉታል። የእኔ ያንን ከተሻገረ ቆይቷል።

በሀዋሳ ሞተር ላይ የሚውል ሰው ብዙ ነው። ዕቃ የሚያደርሱ ልጆች አሉ። ገጠር የሚወጡ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች አሉ። ሻይ ቤት ስንገናኝ ወሬያችን ከቤንዚን ቀጥሎ ወገብ ነው። ሁሉም የራሱ መድኃኒት አለው። ቀበቶ እሰር። መርፌ ተወጋ። ቅቤ ተቀባ። ፍል ውሃ ሂድ። ሞተሩን ተው። ምክሩ ሁሉ ወገቡ ለተያዘበት ቀን ነው። ስለ ሌላው ቀን፣ ስላልታመምንበት ቀን፣ የሚያወራ አላጋጠመኝም። እኔን በእግሬ ያቆመኝ ግን ወገቤ ደህና በሆነበት ቀን ሳላቋርጥ ያደረግኩት ጥንቃቄና እንቅስቃሴ ነው። ሞተሩን ሳልተው የቆየሁትም በዚሁ ነው። የምጽፈው ለእነዚያ ልጆች ነው፤ ብዙዎቹ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸውና።

በመጀመሪያ ኩላሊትን ከመንገድ እናንሳ። እኛ ዘንድ ወገቡን የያዘ ሰው ሁሉ «ኩላሊቴን ነው» ይላል። የኩላሊት ህመም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ፣ ከጎድን አጥንት ስር፣ በአንድ ጎን ነው የሚሰማው። ጠጠር ከሆነ ኃይለኛ ቁርጠት ነው። ብትቀመጡም ብትተኙም አይለቅም። ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ ሽንት ላይ ደም ሊያሳይ ይችላል። ኢንፌክሽን ከሆነ ደግሞ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አብሮት ይመጣል። ከሞተር ስትወርዱ ቀጥ ማለት የሚከለክላችሁ፣ ትንሽ ስትራመዱ ደግሞ ለቀቅ የሚያደርጋችሁ ህመም ግን የጡንቻ፣ የጅማትና የመገጣጠሚያ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ይህን አጥብቄ የማነሳው በምክንያት ነው። ኩላሊቴ ነው ብሎ የፈራ ልጅ ፋርማሲ ገብቶ ዲክሎፌናክ ይገዛል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለአጭር ጊዜ፣ በባለሙያ ምክር ሲወሰዱ ያስታግሳሉ። ሲደጋገሙ ግን ጨጓራ ያቆስላሉ፤ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሃ ሳይጠጣ የዋለ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ለኩላሊቱ ሰግቶ ኩላሊቱን የሚጎዳ መድኃኒት በየሳምንቱ የሚወስድ ወጣት ሳይ ያንገበግበኛል።

ከኩላሊት ቀጥሎ የሚያስፈራው ዲስክ ነው፤ በአከርካሪ አጥንቶች መሀል ያለው ትራስ መሳይ ነገር። «ዲስክህ ተንሸራቷል» የተባለ ሰው የዚያኑ ቀን አካሄዱ ይለወጣል። አንድ የማውቀው ዕቃ አድራሽ ልጅ የወገቡን ምስል በኤምአርአይ ተነስቶ የውጤቱን ወረቀት ካነበበ በኋላ ሞተሩን ሸጠ። ለወራት ተኛ። ሲነሳ ከበፊቱ የባሰ ደካማ ሆኖ ነው የተነሳው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የጥናቶች ዳሰሳ ምንም የወገብ ህመም የሌለባቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል አገናዝቦ ነበር። በ20 ዓመታቸው 37 በመቶ የሚሆኑት፣ በ50 ዓመታቸው ደግሞ 80 በመቶ የሚሆኑት ዲስካቸው የመጎዳት ምልክት ይታይበታል። አንዳቸውም ግን አያማቸውም! ምስሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ነርቭ ሲጨነቅ፣ እግር ሲደነዝዝ ምስል ያስፈልጋል። ነገር ግን ምስሉ ላይ የሚታየውና የሚያመን ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከወገብ ህመም 90 በመቶ ያህሉ አንድ የተለየ በሽታ አይገኝለትም። እኔን ይህ ቁጥር አረጋግቶኛል። የተሰበረ ነገር ተሸክሜ እየሄድኩ እንዳልሆነ ሳውቅ ለመንቀሳቀስ ደፈርኩ።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ሀዋሳ ሜዳ ናት፤ ለሞተር የተሰራች ትመስላለች። ዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ሰፋፊ አስፋልት ናቸው። ወደ ሰፈር ገባ ሲባል ግን ኮብልስቶን ነው። ከከተማ ሲወጣ ኮሮኮንች። የተቀመጠ ሰው አከርካሪ ወደ ላይና ወደ ታች ሲናጥ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ በሚመላለስ ንዝረት ላይ ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳል። በዚህ ልክ የሚመጣውን መናጥ ሰውነት አያበርደውም፣ ያጎላዋል። ሻካራ መንገድ ላይ ከወንበር ወደ ወገብ የሚመጣው ይኸው ነው። ለዚህ ነው ያው መንገድ በአንድ ፍጥነት ሲያሰቃይ በሌላ ፍጥነት የሚሻለው። ኮሮኮንች ላይ ፍጥነቴን ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ እያደረግኩ ወገቤ የሚቀበለውን እፈልጋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ያለው ያሸንፋል።

ከፍጥነት የበለጠው ግን መቆም ነው። ጉድጓድ ወይም ፍጥነት መቀነሻ ሳይ ከኮርቻው ትንሽ ብድግ እላለሁ። ክብደቴ እግር መርገጫው ላይ ይሆናል፣ ጉልበቴ እጥፍ፣ እጄ ላላ። ያኔ ምቱን የሚቀበለው ጭኔ ነው። ጭን ለዚህ ትልቅ ጡንቻ አለው፤ ወገብ የለውም። ሙሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ መቆም አያስፈልግም፣ ከስፖንጁ በጣት ልክ መነሳት ይበቃል። ጉልበትን ከነዳጅ ታንከሩ ጋር ማጣበቅም ይረዳል፤ ሰውነት በክንድ መንጠልጠሉን ይተዋል። ይህንን ለአዲስ የስራ ባልደረቦቼ ሳሳይ መጀመሪያ ያፍራሉ። ሰው ያየናል ይላሉ። ከሳምንት በኋላ ሁሉም ያደርጉታል።

ሞተሩን ለራስ ማስተካከል የሚባል ነገር እኛ ጋ ብዙም አልተለመደም። ከሱቅ የወጣውን፣ ወይም ከመስሪያ ቤት የተሰጠንን እንዳለ እንነዳለን። ረጅሙም አጭሩም፣ ወፍራሙም ቀጭኑም በአንድ ልክ። ከተማውን የሞላው ቦክሰር ሞተር ላይ ያለው የኋላ ሾክ (ምት ማብረጃው) ግን በቁልፍ እየዞረ የሚጠብቅና የሚላላ ነው። ሰው ጭኖ ለሚሄድ የተጠበቀ ሾክ ላይ ብቻውን የሚሄድ ቀጭን ሰው ከተቀመጠ ሾኩ አይወርድም፤ ምቱ በሙሉ ወደ ወገብ ይወጣል። ዘይት ያፈሰሰ ሾክ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ያነጥራል፣ አያቆምም። ዘንጉ ላይ ዘይት የጠገበ አቧራ ካያችሁ መካኒክ ጋ ውሰዱት።

ጎማም እንዲሁ። ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ በግምት እስኪደርቅ ድረስ ይነፋላችኋል። የደረቀ ጎማ ኮብልስቶን ላይ ድንጋዩን አንድ በአንድ ያስቆጥራል። ለብቻ ሲሄዱና ሰው ሲጭኑ የሚያስፈልገው አየር የተለያየ ነው፤ ልኩ ከሞተሩ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ አለ። ልኬቱን አንብቦ «በዚህ ሙላልኝ» ማለት ነው። ምንም ተጨማሪ ገንዘብ አያስወጣም።

መሪውን የሚይዙት ብሎኖች ሲላሉ መሪው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዞራል። እኔ ረጅም ነኝ፣ ክንዴም ረጅም ነው። ግን መሪው ወደ ፊት ሲርቅብኝ ከትከሻዬ ተንጠልጥዬ ወገቤን አጎብጥ ነበር። መካኒኩ ትንሽ ወደ እኔ አዞረልኝ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎቹንም በዚያው ልክ አስተካከለ። የዚያን ዕለት ልዩነቱ ትከሻዬ ላይ ነው የተሰማኝ፤ ወገቤ ላይ የተሰማኝ ከሳምንታት በኋላ ነው። የምትሞክሩ ካላችሁ መሪው እስከ ዳር ሲዞር ኬብሎቹ እንዳይወጠሩ አረጋግጡ፣ ብሎኖቹም በደንብ ይጥበቁ። ይህ ቀልድ አይደለም።

ኮርቻው ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ከሁሉም የረዳኝ እሱ ነው። ያረጀ ስፖንጅ መሀሉ ይሰረጉዳል፤ ወደ ታንከሩም ያዘቀዝቃል። ሰው ሳያስበው ይንሸራተታል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ለመመለስ በጭራ አጥንቱ ላይ ይደገፋል። ያኔ ዳሌው ወደ ኋላ ይሽከረከራል፣ የታችኛው ወገብ ተፈጥሯዊ ቅስቱን አጥቶ ይጎብጣል። በዚያ ሁኔታ ላይ ነው እንግዲህ ኮሮኮንቹ የሚመጣው። የመኪና ወንበር የሚሰፋ ባለሙያ ጋ ወስጄ ጠንከር ያለ ስፖንጅ አስገባሁበት፤ ላዩንም ሜዳ እንዲሆን አስደረግኩት። በጣም ለስላሳ አታስደርጉት። ለስላሳው ሱቅ ውስጥ ሲቀመጡበት ደስ ይላል፣ መንገድ ላይ ግን ሰምጦ ከታች ያለውን ብረት ያገኛችኋል። አሁን በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶቼ ላይ እቀመጣለሁ። ወደ ፊት ስዘነበል ከዳሌዬ ነው፣ ከወገቤ አይደለም። ከኋላ ኪሴም የገንዘብ ቦርሳዬን አውጥቻለሁ፤ በአንድ ጎን ከፍ ያለ መቀመጫ ዳሌን ያጣምማል።

ስለ ዕቃ ጭነትም አንድ ነገር። የናይትሮጅኑን ዕቃ በትከሻቸው አንጠልጥለው የሚነዱ ባልደረቦች አሉኝ። የአንድ ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ክብደት 0.8 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከነዕቃው ሲሆን ይከብዳል፣ ያውም በአንድ ጎን። ሞተሩ ይሸከመው እንጂ ሰው ለምን ይሸከመዋል? ከኋላ ባለው የጭነት ብረት ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጎ፣ ከስሩ ስፖንጅ ደልድሎ ማሰር ነው። ክዳኑ ጋዙ እንዲወጣ የተሰራ ነው፤ አጥብቆ መድፈን አደገኛ ነው። ዕቃ ለምታደርሱ ልጆችም ይኸው ይሰራል። ጀርባ ላይ ያለ ቦርሳ የእያንዳንዱን ጉድጓድ ምት በአከርካሪያችሁ በኩል ነው የሚያሳልፈው።

ወገብ የሚያዘው ግን ብዙውን ጊዜ ሞተር ሲነዳ አይደለም። ሞተሩን ስናቆም ነው፤ ወይም ስናስነሳ። ባትሪው ስለደከመ በእግር እየመታን እናስነሳለን፤ አንድ እግር ላይ ቆሞ፣ ሰውነት ተጠምዞ፣ ሙሉ ኃይል። ወገቡ የሚያመው ሰው ባትሪውን ቶሎ ያስቀይር፤ በቁልፍ ይነሳለት። ሁለት እግር ባለው ማቆሚያ ሲያቆሙም ሞተሩን በክንድ ወደ ላይ መሳብ አያስፈልግም። የማቆሚያውን መርገጫ በእግር ወደ መሬት መጫን፣ ሙሉ ክብደትን እዚያ ላይ መጣል፤ እጅ አቅጣጫ ብቻ ይይዛል። ሞተሩ ራሱ ይወጣል።

ደግሞም ከረጅም ጉዞ ወርዶ ወዲያው ጎንበስ አለማለት። ጎብጠን ስንቆይ የወገብ ጅማቶች ይለጠጣሉ፤ ቀጥ ስላልን ብቻ በአንድ ጊዜ አይመለሱም። በዚያ መሀል ከባድ ነገር የሚያነሳ፣ ወይም እንደኔ ላም ጋር የሚታገል ሰው ያለ ጠባቂ ነው የሚሰራው። ስለዚህ ግቢ ስደርስ መጀመሪያ ዞር ዞር እላለሁ። ስለ ላሟ እጠይቃለሁ፣ ፍላጎቷ መቼ እንደታየ፣ ዝልግልግ ፈሳሹ እንዴት እንደሆነ። ቆሜ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ወደ ኋላ እለጠጣለሁ። ከዚያ ነው ጓንት የማጠልቀው። ገበሬዎቹ ይህን ጊዜ የምርመራ አካል አድርገው ነው የሚያዩት፤ ደግሞም ነው።

ከባዱ ቡናው ላይ ነው። ሰው ቤት ቡና ሳይጠጡ መሄድ አይቻልም፤ በርጩማዋ ደግሞ ከመሬት ብዙም አትርቅም። ጉልበት ደረት ጋ ይደርሳል፣ ወገብ እጥፍ ይላል። ቱላ ያሉ አንዲት እናት መጀመሪያ ቆሜ ልጠጣ ስል ተቆጡኝ።

«ተቀመጥ እንጂ ልጄ! ቡና ቆሞ ይጠጣል እንዴ?»

«እማማ፣ ወገቤን ያመኛል። ቅር አይበልዎት፣ ቆሜ ልጠጣ።»

«ወገብህን ነው? ታዲያ አፍ የለህም? ኧረ ያን ከፍ ያለውን ወንበር አምጡለት!»

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ቤት ወንበሬ ቀድሞ ይወጣል። የተማርኩት ነገር ቢኖር ህመምን መናገር እንደሚጠቅም ነው። ሞተረኛ ወንድ ልጅ ወገቤን ብሎ መናገር ይከብደዋል። ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ዝም ብሎ ያነሳል። ሰው ግን ካወቀ ያግዛል። ላሟን የሚይዝልኝ፣ ዕቃውን የሚያወርድልኝ ሰው አጥቼ አላውቅም።

ወደ ቀበቶው ልመለስ፤ ሻይ ቤት ከሁሉ በላይ የሚመከረው እሱ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ስለ ስር የሰደደ የወገብ ህመም መመሪያ አውጥቷል። በዓለም ላይ በ2020 ብቻ 619 ሚሊዮን ሰው ወገቡን ያመው ነበር፤ በ2050 ወደ 843 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። መመሪያው የሚመክረው ስለ ህመሙ ትምህርት ማግኘትን፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ አንዳንድ የፊዚዮቴራፒ ዘዴዎችን፣ የስነ ልቦና ድጋፍን፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን ነው። የወገብ ቀበቶን ለዘወትር ህክምና አይመክርም። ወገብን መጎተትንም አይመክርም። እንደ ትራማዶል ያሉ ከባድ ማስታገሻዎችንም አይመክርም። ትራማዶል እንቅልፍ ያመጣል፣ ያዞራል፣ ሱስም ያስይዛል። ያንን ውጦ ወደ ሻሸመኔ መንገድ የሚወጣ ሞተረኛ ራሱንም ሌላውንም ለአደጋ ያጋልጣል። እለምናችኋለሁ፣ ከዚህ ራቁ።

ወጌሻን አላጣጥልም። ለወለምታ ብዙ ሰው አቁመዋል፣ እሽታቸውም ያፍታታል። አከርካሪን በኃይል ጠምዝዞ ማንቋቋት ግን፣ በተለይ እግር ላይ ድንዛዜ ላለው ሰው፣ አልስማማም። የወንዶ ገነት ፍል ውሃንም እወደዋለሁ። ሙቀት የተቋጠረ ጡንቻ ይፈታል፤ የዚያን ቀን እንቅልፍ ጥሩ ነው። ለሳምንቱ ግን አይበቃም።

ለሳምንቱ የሚበቃው መራመድ ነው። ይህን ስል ብዙ ሰው ፊቱን ያዞርብኛል፤ በጣም ቀላል ስለሆነ መድኃኒት አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የተባለው የህክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አለ። በቅርቡ ከወገብ ህመም ያገገሙ 701 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን በፊዚዮቴራፒስት የሚመራ የመራመድ ልማድና ስለ ህመሙ ትምህርት ሰጡ። ህመሙ እስኪመለስ ድረስ የነበረው ጊዜ ለተራመዱት በመካከለኛ ግምት 208 ቀን ሲሆን፣ ላልተሰጣቸው 112 ቀን ነበር። ዓላማው ቀስ በቀስ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ መድረስ ነው። ሐይቅ ላለው ከተማ ነዋሪ ይህ ምን ይከብዳል? እኔ ፀሐይ ሳትበረታ ከፍቅር ሐይቅ ተነስቼ ወደ ጉዱማሌ አቅጣጫ እሄዳለሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። የላም ጥሪ ከመጣ እመለሳለሁ፤ ካልመጣ እጨርሳለሁ።

ከመራመዱ ጋር ጥቂት እንቅስቃሴዎች አሉ። የካናዳው የአከርካሪ ተመራማሪ ስቱዋርት ማክጊል ያስተዋወቃቸው ሦስቱ ለእኔ ተስማምተውኛል። አንደኛው በጀርባ ተኝቶ አንድ ጉልበት አጥፎ፣ እጅን ከወገብ ስር አድርጎ፣ ራስንና ትከሻን በጣም በትንሹ ማንሳት። ሁለተኛው በጎን ተኝቶ በክርን ተደግፎ ዳሌን ከመሬት ማንሳት። ሦስተኛው በእጅና በጉልበት ቆሞ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፣ ከዚያ መቀየር። እያንዳንዱን ወደ 10 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ ነው፤ እስኪደክሙ መታገል የለም። ሦስተኛው ለሞተረኛ በጣም ይጠቅማል፤ እጅና እግር ሲንቀሳቀሱ ወገብ ዝም እንዲል ያስተምራል። ሞተር ላይ የምንፈልገው ይህንኑ አይደል? ጂም አያስፈልገውም፤ ምንጣፍ ይበቃዋል።

ጠዋት ላይ ግን ጥንቃቄ አለው። ዲስኮች ሌሊት ውሃ ይስባሉ፣ ያብጣሉ፤ ስንነሳ ከማታው ረዘም እንላለን። ያ ያበጠ ዲስክ ጎንበስ ሲሉበት ይበልጥ ይጨነቃል። ለእኔ ከባድ የሆነው የጠዋት ላሞች ስላሉኝ ነው። ስለዚህ ጥሪ ያለብኝ ቀን ቀደም ብዬ እነሳለሁ። ጫማዬን ወንበር ላይ ተቀምጬ አስራለሁ፣ ግቢ ውስጥ እራመዳለሁ፣ ሞተር ላይ የምወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ክፉ ቀን ይመጣል። ወደ ይርጋለም ረጅም ጉዞ ካደረግኩ፣ ወይም እንቅልፍ ያጣሁበት፣ በገንዘብ የተጨነቅኩበት ሳምንት ከሆነ ይመጣል። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ህመምን ከፍ እንደሚያደርጉ የታወቀ ነው፤ ህመሙ ግን የእውነት ህመም ነው፣ የፈጠራ አይደለም። በዚያ ቀን አልተኛም። ሩቁን ጥሪ ለባልደረባዬ አስተላልፋለሁ፣ ቅርቡን እሰራለሁ። የሚያመኝን ያህል ሳይሆን የምችለውን ያህል እራመዳለሁ። በጥቂት ቀናት ይቀንሳል። ባልደረባዬም በተራው ሲያመው የእሱን ሩቅ ጥሪ እኔ እወስዳለሁ።

በእንቅስቃሴ የማይታከም ወገብ እንዳለም እወቁ። በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ድንዛዜ ከመጣ፣ ሽንት ካስቸገረ ወይም ካመለጠ፣ ሁለቱም እግሮች ከደከሙ ያንኑ ቀን ሆስፒታል ነው። ከወደቃችሁ በኋላ የጀመረ ኃይለኛ ህመምም እንዲሁ። ማታ ማታ ላብ፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን ያለ በሽታ ነው፣ በመድኃኒትም ይድናል። በእኔ ሙያ ያሉ ሰዎች አንድ ሌላ ነገር ይጨምሩበት። ብሩሴሎሲስ ከላም ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ባልፈላ ወተት፣ ከጨነገፈች ላም በሚወጣ ፈሳሽና የእንግዴ ልጅ በኩል። እየመጣ የሚሄድ ትኩሳት፣ ላብ፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ህመም ያመጣል። ለሐኪሙ ስራችሁን ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል። ወተትም አፍልታችሁ ጠጡ።

የቀረው የእኛ ድርሻ አይደለም፤ የአሰሪዎቻችን ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ ሰራተኛ በመላ አካሉ የሚቀበለው ንዝረት ለ8 ሰዓት የስራ ቀን ተሰልቶ ገደብ ተበጅቶለታል። የንዝረቱ ኃይል 0.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲደርስ አሰሪው እርምጃ ይወስዳል፤ 1.15 ደግሞ የማይታለፍ ነው። እኛ ዘንድ ሞተር ሲገዛ ከሰነዱ ላይ የሚታየው ዋጋውና የነዳጅ ፍጆታው ነው። ገጠር የሚወጣ ባለሙያ ላይ ግን የሚወጣው ወጪ ሌላም አለ፤ ያልተዳቀለች ላም፣ ያልተከተበ ልጅ፣ በ40 ዓመቱ ጡረታ የሚለምን ሰራተኛ። ሞተር ከመገዛቱ በፊት የሚነዱት ሰዎች ኮሮኮንች ላይ ይሞክሩት። ለሾክና ለኮርቻ በየዓመቱ በጀት ይያዝ። አዲስ ተቀጣሪ መንጃ ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን አቀማመጡንም የሚያይለት ሰው ይመደብለት። ይህን ለመስሪያ ቤቴ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። እናንተም በየመስሪያ ቤታችሁ አስገቡ፤ የሾክ መቀየሪያ ደረሰኝ አያይዛችሁ ብታቀርቡት ደግሞ ለግዢ ክፍሉ ይቀለዋል።